ለኅዳር ሚካኤል ያጠነከርኩት ባሌስትራ

መኪና ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጠዋት ወገቤን ደግፌ ከአልጋ ስነሣ ልጆቼ የወረታ መንገድ ነው እንዲህ ያደረገህ ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። በመንገድ ማሳበብ ቀላል ነው፤ መንገድ መልስ አይሰጥም። ከዚያ ዘመን የተረፈኝ ድካም ሁሉ ግን ከመንገድ እንዳልመጣ አውቃለሁ። አንዱን በገዛ እጄ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ነው ያመጣሁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወረታ ላይ ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። የምነዳት ጂፕ ከንጉሡ ጊዜ የተረፈች፣ ቀለሟ ከዝገቷ የማይለይ አሮጊት ነበረች። መሥሪያ ቤቱ አጥር ስላልነበረው የምታድረው እኔ ግቢ ነው። ሰው የኔ ትመስለው ነበር፤ አንዳንዴ እኔም የመንግሥት መሆኗን እረሳለሁ። ስትበላሽ ግን የኔ ለመሆኗ ጥርጥር የለውም፤ ከእኔ በቀር ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረምና።

በዚያ ዓመት ክረምት የኋላ ባሌስትራዋ ሞተ። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ እንደ ቀስት የጎበጠ ብረት ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይለጠጣል፣ ሲወጣ ይሰበሰባል፤ የተሳፋሪው አጥንት የሚተርፈው እሱ ስለሚሠቃይለት ነው። የእኛዋ ጂፕ ባሌስትራ ጉብጠቱ ጠፍቶ እንደ ጣውላ ተዘርግቶ ነበር። የብረቱን ዝላይ የሚገታው አሞርዛተር የሚባለው ነገርም ዘይቱን አፍስሶ ባዶ ቆርቆሮ ሆኗል። ስለዚህ ጂፗ መታጠፊያ ስታገኝ በጎኗ ትተኛለች። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ሐሳቧን እስክትቀይር መጠበቅ ነበረብኝ። አንድ ቀን ከአንበሳሜ ስመለስ ጉማራ ድልድይ አፋፍ ላይ የአንድ ጎኗ ሁለት ጎማ ከመሬት ተነሣ። እንዴት እንደተመለሰች እስካሁን አላውቅም። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ውኃውን ሳይ ቆየሁ።

በዚያው ሰሞን አባቴ እኔ ቤት የአልጋ ቁራኛ ሆነው ነበር። አርባ ዓመት ያህል ቁሐር ሚካኤልን በመሪጌትነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በዚያ በፎገራ ሜዳ ዜማ የሚያውቅ ካህን ብዙው በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። እኔም አልፌበታለሁ፤ በኩርኩም። ድጓውን ሳልጨርስ ጠፍቼ ባሕር ዳር የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ። አልረገሙኝም። እጄ ለጸናጽል ከባድ እንደነበር፣ ምናልባት ለብረት የተፈጠረ እንደሆነ ተናግረው ተዉኝ። እሱ ከእርግማን ይከብድ እንደሆነ አላውቅም። ከአባትነታቸው መምህርነታቸው ስለሚቀድም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራቸው እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ብዬ ነበር።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። ጤና ጣቢያው እንክብል ሰጠ፣ ወጌሻው ጠቅልሎ አሠረ፤ ሁለቱም ከዚህ በላይ አንችልም አሉ። ሲያስነጥሳቸው እንኳ ፊታቸው አመድ ይመስል ነበር። ሁለት ሰው ካልደገፋቸው አይገለበጡም። ባለቤቴ እንደ ሕፃን ታጥባቸዋለች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይታጠባሉ።

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ማለዳ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አስጠሩኝ።

«ለኅዳር ሚካኤል ታደርሰኛለህ?» አሉኝ።

ከዚያ በፊት አንድም ነገር አድርግልኝ ብለውኝ አያውቁም። ኅዳር ሚካኤል የቁሐር የዓመቱ ንግሥ ነው፤ የኔታ ከማኅሌቱ ቀርተው አያውቁም። የክረምቱ ውኃ ሜዳውን ሳይለቅ በዘገየበት ዓመት እንኳ በታንኳ ተሻግረው ቆመዋል። አሁን በቅሎ ላይ መቀመጥ አይሆንላቸውም፣ በእግር የሚታሰብ አይደለም፤ የቀረችው ያቺ በጎኗ የምትተኛ ጂፕ ናት። አደርስዎታለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ኅዳር ሚካኤል እንደማያዩ እሳቸውም እኔም ባለቤቴም እናውቅ ነበር። እውነትም የሚቀጥለውን ፋሲካ አላዩም።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። ወገቡ የተጎዳ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ልስላሴ ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ጉማራ ላይ አለመሞት ነበር። መታጠፊያ ላይ የማትተኛ፣ መሪዋን ስነካት የምትታዘዝ፣ ሌሎች ሾፌሮች ሲያዩአት የማያሾፉባት መኪና ፈልጌ ነበር። ሁለቱም በአንድ አፍ መኪናዋን ማስተካከል ይባላሉ። መኪናዋን ላስተካክል ነው ስል የሰማኝ ሁሉ ለአባቱ ብሎ ነው እያለ መረቀኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ። ደጋግሜ ስለተቀበልኩትም እኔ ራሴ አመንኩት።

የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ላስፈቅድ ገባሁ። ባሕር ዳር ጋራዥ ለመላክ በጀት የለም፣ መለዋወጫ የለም፣ ለምን የለም ብሎ የሚጠይቅ ደብዳቤም መጻፍ አይመከርም አለኝ። በራሴ ላብ ከሠራሁት ግን የሥራ ተነሳሽነት ስለሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ያስመሰግነኛል። አመስግኜ ወጣሁ። በዚያ ጊዜ ያገኘሁትን ምስጋና ሁሉ ባጠራቅመው አንድ ቡሎን አይገዛም።

ባሌስትራ ፍለጋ ስወጣ ነው ለካስ አገሩ ሁሉ በባሌስትራ እንደሚያርስ ያስተዋልኩት። ከደብረ ታቦር ቁልቁለት የተገለበጠ ወይም አርጅቶ የተጣለ የጭነት መኪና ካለ፣ ባሌስትራው ሳይውል ሳያድር አንጥረኛ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ማረሻ ወይም ማጭድ ሆኖ ሜዳው ላይ ይበተናል። ለማረሻ እንደሱ ያለ ብረት የለም ይላሉ። ሦስት ቀን ስዞር ያገኘሁት ሁሉ መሬት ውስጥ ገብቶ የወጣ፣ ጫፉ የሾለ ነው። በመጨረሻ ከከተማው ዳር የሚኖር አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ጋ ሦስት ያልተነኩ ብረቶች አገኘሁ። ከከባድ መኪና የወጡ ናቸው። ለማን እንደሆነ ስነግረው ዋጋ ለመነጋገር እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። ሰው በቡዳነት እየጠረጠረው ከደጁ ሲርቅ፣ የኔታ ለልጁ ክርስትና አባት ሆነውለት ኖሯል።

ብረቶቹን እንደ ልኬ ቆረጠልኝና አንዱን በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ ወጣበት። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው ቁልቁል አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ጭነት የለመደ ነው፤ ሰው ቢቀመጥበት መቀመጡንም አያውቅ» አለኝ።

እኔም ለዚያ ነው የምፈልገው ብዬ ሳቅሁ። ተሸክሜ ወደ ቤት ስሄድ ትከሻዬን እየቆረጠኝ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ ግቢዬ ውስጥ ካለች ዋንዛ ሥር በጀርባዬ ተኛሁ። መኪናዋን የማነሣበት ክሪክ ዘይት ስለሚያፈስ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከሥሯ ጉቶና ድንጋይ ደረደርኩ። ባሌስትራውን ከጎማው ዘንግ ጋር አቅፈው የያዙት ብረቶች ቡሎናቸው ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ተፈትቶ አያውቅም መሰለኝ። ነጭ ጋዝ አጠጥቼ ሦስት ቀን ጠበቅኋቸው። ሁለቱ ተፈቱ፣ ሁለቱ ተሰበሩ፣ የጣቴ ቆዳም አብሯቸው ሄደ። አሞርዛተሮቹን በስቼ ወፍራም የማርሽ ዘይት ሞላሁባቸውና ቀዳዳውን በጎማ ወትፌ በቡሎን ጠረቅሁት። በብረቶቹ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የጎማ ቀለበት ደግሞ ከበረባሶ ጫማ እየቆረጥኩ ሠራሁ። ጫማው የባለቤቴ ስለነበረ ያን ቀን እራት ሲቀርብልኝ ሳህኑ ከሌላው ጊዜ ጠንከር ብሎ ተቀመጠ።

የኔታ አልጋቸው በመስኮቱ በኩል ስለነበረ የማደርገውን ሁሉ ይሰማሉ። መዶሻዬ ምት እንደሚስት በባለቤቴ በኩል ላኩብኝ። ከሥር ሆኜ ሳቅሁ። እውነት ለመናገር በዚያ ሁለት ሳምንት ከእሳቸው ጋር የተቀራረብኩትን ያህል በልጅነቴ አልተቀራረብኩም። እሳቸው ውስጥ ሆነው ምዕራፉን በዜማ ይላሉ፣ እኔ ውጭ ሆኜ ብረቱን እመታለሁ። አንዳንዴ ቡሎን አልፈታ ሲለኝ የማውቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ በሆዴ እከተላቸው ነበር። በጣም እደክም ነበር። ከመኪናው ሥር ተጋድሜ እንቅልፍ ወስዶኝ ባለቤቴ እግሬን ጎትታ የቀሰቀሰችኝ ቀን አለ።

ሥራው አልቆ ጉቶውን ሳወጣ መኪናዋ ኋላዋን ሰቅላ ቆመች፤ ጭራዋን ሰቅላ ለመሮጥ የተነሣች ጊደር ትመስላለች። ጓደኞቼ ሾፌሮች እየመጡ ዞረዋት፣ አንዱ በእግሩ መታ መታ አድርጎ አደነቀ። እኔም እጄን በተቃጠለ ዘይት እንደጠቆረ ደረቴ ላይ አጣጥፌ ቆሜ ስመሰገን ዋልኩ።

በሳምንቱ በይፋግ ገበያ ቀን ዘር እንዳደርስ ታዘዝኩ። ስሄድ ጆንያ ተደርድሮባታል። ስመለስ እንደ ልማዱ ገበያተኛ ለመነኝና ጫንኩ። አሥራ አንድ ሰው፣ ዶሮዎች፣ ደግሞም አንድ የቁሐር ገበሬ ገዝቶ በጭኑ ላይ ያስተኛው ጠቦት ነበር። ርብ ድልድይን አልፌ ቀጥ ባለው ጠጠር ላይ ፍጥነት ሰጠኋት። መታጠፊያው መጣ። መሪውን ያዝ አደረግሁ፤ አልተኛችም። መንገዱን ይዛ ዞረች። ሌላ መታጠፊያ መጣ፣ ያንንም እንዲሁ። ጉድጓድ ስትገባም እሽ ብላ ጎንበስ ትልና ትወጣለች። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ከቤቴ አልጋ ትሻላለች ስትል ሰማሁ። ብቻዬን ብሆን እዘፍን ነበር። ደስታዬ የልጅ ደስታ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የኔታ ትዝ አላሉኝም።

ቤት ስደርስ ግን ቀጥታ ወደ እሳቸው ገብቼ ወተት ቢያስቀምጡባት አይፈስም ብዬ ማልኩላቸው። በእግዚአብሔር ስም ለወተት አይማልም ብለው ገሠጹኝ። ቀጥለው መቋሚያዬን አምጣልኝ አሉና አልጋው ላይ ተጋድመው በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ በዋዜማው፣ እኩለ ቀን ላይ ተነሣን። ያ ጊዜ በመንግሥት መኪና ንግሥ መሄድ የሚወራ ነገር አይደለም። ኃላፊው የመውጫ ወረቀቴ ላይ ለጥገና ሙከራ ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል የእናቱ ስለት ነው ብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ጧፍ ጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። እኔም ኪሴ ከተትኩት።

ባለቤቴ አዲስ ጭድ የሞላችውን ፍራሽ የኋላ ወለል ላይ አነጠፈች። የኔታን በአንሶላ አንሥተን አስተኛናቸው፤ መቋሚያውና ጸናጽሉ በቀኛቸው ሆነ። ግራና ቀኝ አግዳሚው ባዶ ነው። ንግሥ የሚሄዱ ጎረቤቶች፣ ስምንት ያህል ሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆመዋል። ባለቤቴ ግቡ እንጂ አለቻቸው። አንዱ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከየኔታ ጋር በአንድ መኪና ተጋፍተን፣ እግራችንን በራሳቸው በኩል ዘርግተን እንዴት ይሆናል አሉ። የማይሆን ነገር ነው። ማንም ጨዋ ሰው አያደርገውም። እኔም የኔታን እንዳያጨናንቁ ብዬ መዝጊያውን በራሴ እጅ ዘጋሁት። እነሱ በእግር መንገድ ጀመሩ። እኔና እሳቸው ብቻችንን በተከበረ ባዶ መኪና ወጣን።

ጠጠሩ ላይ ሳለን ዱብ ዱብ ትል እንደነበር ተሰምቶኛል። ጥንካሬዋ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዋናው መንገድ ወጥተን ሜዳው ላይ ስንገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የፎገራን ሜዳ ከሩቅ ያየ ሰው ለጥ ያለ ነው ይላል። ውኃው በመስከረም ሲሸሽ ከብቱ ጭቃውን ይረግጠዋል፣ ጭቃውም በኮቴ እንደተበሳሳ ይደርቃል። በኅዳር በማሳና በማሳ መካከል ያለው መተላለፊያ ድንጋይ የሆነ የኮቴ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ስንዝር የምታህል ለስላሳ ቦታ አይገኝበትም።

የኔታ ከቤት ከተነሣን ጀምሮ የዋዜማውን ዜማ በቀስታ ይሉ ነበር። መጀመሪያ ዜማው በየጉድጓዱ መሰበር ጀመረ። ይሰበራል፣ ይቀጥላል። ከዚያ ብዙ ቆይቶ የሚቀጥል ሆነ። ፍጥነት ቀነስኩ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ለየብቻው መታን። ጨመርኩ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ዘለለ፣ ሲወርድም እንደ ዘነዘና ነው የወረደው። መንገዱን ረገምኩ፣ ከብቱን ረገምኩ። ድምፃቸው መቼ ጨርሶ እንደጠፋ አላስተዋልኩም። በመስታወቱ ሳይ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ይዘዋል። ግንባራቸው ላብ ነው። ጨርቅ የነከሱት እኔ እንዳልሰማ ብለው ነው።

ቆምኩ።

«ልጄ፣ አውርደኝ» አሉ። «መሬቱ ይሻለኛል።»

ጓያ ማሳ ዳር ፍራሹን አንጥፌ አስተኛኋቸው። ከዚያ ምን ላድርግ፣ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የተሰበረ ነገር ፈለግሁ። ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልተገኘም። ሁሉም እንዳሰርኩት ነው፣ ሁሉም ጥብቅ፣ ሁሉም ደኅና። ከሥር ተጋድሜ ያን ያማረ ሥራዬን እያየሁ መውጣት አቃተኝ።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ገበሬ አይቶን መጣ፤ ማን እንደሆኑ ሲያውቅ እጅ ነሥቶ ሮጠ። በእኛ አገር ለበሽተኛ ሁለት ጊዜ አይጠራም። ብዙም ሳይቆይ ስድስት ሰው ቃሬዛ ይዞ መጣ፤ ሁለት እንጨት፣ በመካከሉ የተወጠረ ጠፍር፣ ሌላ ነገር የለውም። የኔታን አነሷቸው። አራት ይሸከማል፣ ሁለት ይከተላል፣ ሳይነጋገሩ ይቀያየራሉ። እርምጃቸው አንድ ነው፤ እሳቸው የለበሱት ጋቢ እንኳ አይወዛወዝም። እኔ ከኋላ በባዶ መኪና እየዘለልኩ ተከተልኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግን የኔታ አልቻሉም። ሕመሙ ስለበረታ አጠገብ ካለ ቤት አሳረፏቸው። ከዚያ እስከ ሚካኤል በእግር ሩቅ አይደለም፤ ሌሊቱን ከበሮው ይሰማ ነበር። የኔታ ጣታቸው በከበሮው ምት ጋቢው ላይ ይነሣ ይወርድ ነበር አሉ። አሉ የምለው እኔ ደጅ መኪናዋ ውስጥ ስላደርኩ ነው። ከእሳቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ለማደር ፊት አልነበረኝም።

ጠዋት በቃሬዛ ወሰዷቸው። የደረሱት ታቦቱ ሲወጣ ነው። ከዛፍ ሥር አሳርፈዋቸው ያስተማሯቸው ካህናት፣ ሽበት ያወጡትም ጭምር፣ እየመጡ ጉልበታቸውን ሳሙ። ታቦቱን ባሉበት ሆነው ተሳለሙ። ሴቱ እልል ሲል ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቋሚያው ደረታቸው ላይ ነበር፤ ማንም አልወሰደላቸውም፣ እሳቸውም አላነሡትም። ማኅሌቱ ሌሊቱን አልቋል። ውኃ ያላስቀረባቸውን ማኅሌት እኔ ነኝ ያስቀረሁባቸው።

ከሰዓት በኋላ ለመመለሻው ስንዘጋጅ ተሸካሚዎቹ እስከ ወረታ በቃሬዛ እናድርሳቸው አሉ። ሰዎቹ ሌሊቱን የቆሙ፣ እህል ያልቀመሱ ናቸው። መኪናዋን ዘወር ብዬ አላየኋትም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ግን ወደ እሷ ሄዶ የኋላዋን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገ። ያ ጠቦት ታቅፎ ከይፋግ የመጣው ገበሬ ነበር።

«እኔ ኸይፋግ ስመጣባት እንዲህ አልነበረችም እኮ» አለኝ። «ያን ጊዜ ብዙ ነበርን።»

ይህን ለመናገር መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የከባድ መኪና ብረት ጭነት ሲያገኝ ይጎነበሳል፤ ባዶውን ግን ድንጋይ ነው። አሥራ አንድ ሰው ሲቀመጥባት አልጋ የነበረችው አንድ የከሳ ሽማግሌ ሲተኛባት ጠላት የሆነችው ለዚህ ነው። እኔ ዕድሜዬን ባዶና ሙሉ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ይህን አጣሁት። አክብሮት ጋረደኝ ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ መታጠፊያው ላይ ያገኘሁት ደስታ ነው። ከይፋግ ወዲህ ባዶዋን እንዴት ትሆናለች ብዬ ሳልጠይቅ የቀረሁት ለዚያ ነው።

እንጫንባት ተባለ። ወዲያው ግን የትናንቱ ነገር መጣ፤ ከየኔታ ጋር እንዴት ተጋፍተን። አንዱ አፈር በጆንያ ይሞላ አለ፣ አንዱ ድንጋይ አለ። ንግሥ ላይ ጆንያ ፍለጋ ሰው ተላከ። የኔታ ቃሬዛው ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው እጃቸውን አነሡ።

«በትከሻችሁ ተሸክማችሁኝ ስታበቁ ጉልበታችሁ ቢነካኝ ምን እሆናለሁ?» አሉ። «ግቡ።»

ገቡ። ተሸካሚዎቹና ሌሎች የሰፈሩ ሰዎች፣ አሥራ አንድ ሆነው፣ ግራና ቀኝ፣ ወለሉም ላይ ሳይቀር፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀመጡ። ፍራሹን በጭናቸው ላይ ዘረጉትና የኔታን በዚያ ላይ አስተኟቸው። ጭንቅላታቸውን የያዘው ያ ጠቦት ታቅፎ የነበረው ገበሬ ነው። መኪናዋ ቁልቁል ወረደች፤ የሰቀለችው ኋላዋ ከፊቷ እኩል ሆነ። ተነሣሁ። ያው ሜዳ ነው፣ ያው የኮቴ ጉድጓድ። ጎማው ሲገባ ይሰማኛል፤ ከኋላ ግን ሰዎቹ እንደ አንድ ሰው ቀስ ብለው ጎንበስ ይሉና ቀና ይላሉ። ዋናው መንገድ ላይ ከመውጣታችን በፊት አንድ እጅ ከኋላ ትከሻዬን ነካ። ተኝተዋል ማለቱ ነው። ከወደቁበት ቀን ወዲህ በደንብ ተኝተው ስናያቸው የመጀመሪያው ነበር።

ወረታ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ሐይቁ በኩል አዘቅዝቃለች። ባለቤቴ በሩን ከፈተች፣ ገባሁና ሞተሩን አጠፋሁ። በጫፍ የተቀመጠው ሰው አንድ እግሩን መሬት ላይ አደረገ። የኋላው ባሌስትራ ትንሽ ቀና አለ። የኔታ በእንቅልፋቸው አቃሰቱ። ሰውየው እግሩን መልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማንም ለማንም ተቀመጥ አላለም። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው ቁሐር መመለስ አለባቸው፤ የሚያስገቡት ከብት አለ፣ ሰዓት እላፊም አለ፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁሉም ያውቃል። ቆሞ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ውኃ ይዛ መጣችና ይህን ስታይ ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ በር ላይ ቆመች። እኔ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ለሁሉም ነገር አለቀስኩ፤ ለማኅሌቱም፣ ለነከሱት ነጠላም፣ ያለ ምክንያት ለተሰበሩት ሁለት ቡሎኖችም። መኪናዋን እንዳልነቀንቅ ብዬ በትንፋሼ ነበር የማለቅሰው።

ብዙ ቆይቶ የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። በዙሪያቸው ነጭ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ከራስጌ ጀምረው አንድ በአንድ ሁሉንም አዩአቸው፤ ፊታቸው ላይ ሕመም አልነበረም።

«ደረስን እንዴ?» አሉ። «ማኅሌቱ ተጀመረ?»

መመለስ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ልጃቸው እኔ ነኝ፣ ሾፌሩም እኔ ነኝ። ጭንቅላታቸውን የያዘው ገበሬ ግን ቀድሞኝ ጎንበስ አለ።

«ገና ነው የኔታ» አላቸው። «ካህናቱ እየተሰበሰቡ ነው፤ ትንሽ ይረፉ።»

«ሲጀመር ቀስቅሱኝ» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።